የሴት ቃልና ቀኛዝማች አስረስ

እግዜር አንደበት ሲያድል ያልነፈጋት አንዲት መበለት ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ "ሴትም እንደ ወንድ እንደራሴ ትምረጥ" የተባለ ጊዜ፣ ጠዋት ኪዳን አድርሳ በቀጥታ ሄደችና ከወንዶቹ ሰልፍ ገባች። ሌሎቹ ሴቶች እሷ ከተመለሰች ሊመለሱ፣ ከገባች ሊገቡ፣ ከዛፍ ሥር ቆመው ያያሉ።

ከፊቷ የተሰለፉት የአገሩ ባላባት ቀኛዝማች አስረስ ዞር አሉ።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ መጣሽ?"

"ልመርጥ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ወግ ነው! የሴት ቃል ታምኖ ሰው ሊሾም? በይ እንግዲህ፣ ወንዱ ሁሉ በዓይኑ ሳያይ፣ የሴት ቃል ብቻ አምኖ የተቀበለው አንድ ነገር ጥሪልኝና ግቢ። ካጣሽ ግን እነዚያንም ሰብስበሽ ወደ ጓዳሽ!"

ሰልፈኛው በሳቅ አውካካ። ሴትዮዋ በልቧ "ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

"ጌታዬ፣ እርስዎ የተወለዱ ዕለት አባትዎ ከወንዶቹ ጋር ደጅ ነበሩ፤ ከእናትዎ ዘንድ የነበሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ለወንድ ልጅ የሚባለውን ሰባት እልልታ ሲያቀልጡት፣ አባትዎ 'ወንድ ተወለደልኝ!' ብለው ጥይት ተኮሱ እንጂ 'በዓይኔ ካላየሁ' አላሉም። የሴት ቃል የማይታመን ከሆነማ የእርስዎም ወንድነት ገና አልተጣራምና፣ ይምጡ፣ አብረን ከሰልፉ እንውጣ።"

ቀኛዝማች፣ አንዱ ተነሥቶ "ይጣራ!" ሳይል፣ ፈጠን ብለው መንገዱን ለቀቁላት፤ ለእሷም፣ ከኋላዋ ለመጡትም።