ጀርባውን የሰጠ ባል

ትርንጎ የምትባል ሴት መሪጌታ ዘንድ መጣች። «የኔታ፣ ባሌ ሳያስበው ነፍስ አጥፍቶ ከተሰደደ ወዲህ ትናንት ገበያ ላይ አየሁት። ወደ እሱ ስሮጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። መሪጌታም እንዲህ አሏት።

«አንድ ባለትዳር ነበረ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሰማዩ በረዶ ያወርዳል፤ የወረደው ሳይቀልጥ ሌላ ይደረብበታል።

ሰውየው ከአንድ ተራራ ማዶ ለሥራ ሰንብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተራራው አናት ላይ የበረዶ ዐውሎ ያዘው። እዚያ በሚኖሩ በአንድ ሽማግሌ ጎጆ ውስጥ ተጠለለ። ዐውሎው አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ቁልቁል የገዛ ቤቱ ጭስ ታየው። እሳቱን ያነደደችው ሚስቱ መሆኗን ሲያስብ ለመውረድ ቸኮለ። ዘንጉን አነሣ።

ሽማግሌው ግን ከቁልቁለቱ አፋፍ በረዶውን በአካፋ ቆፍረው አሳዩት። ላዩ ከባድ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንደ አሸዋ የላላ፣ ሲነኩት የሚፈስ። ‹ላይኛው ከታችኛው ገና አልተያያዘም። እግር ከነካው ቁልቁለቱ በሙሉ ይናዳል። እስኪረጋ ታገሥ› አሉት። ዘንጉን አስቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከጭሱ መንቀል አቃተው።

በዚህ መካከል ሚስቱ ከደጅ ወጥታ ቀና ስትል አየችው። ሻሿን እያውለበለበች ሽቅብ ትወጣ ጀመር። ተመለሽ ለማለት እጁን ቢያወዛውዝ የጠራት መስሏት ፈጠነች። ቢጮህ ነፋሱ ድምፁን በተነው። እሱን እያየች እንደማትቆም ገባው። ያን ሁሉ ጊዜ የናፈቀውን ፊት ለመለየት ጥቂት ሲቀረው ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ማዶ ወረደ።

እሷም ከዚያ ቁልቁለት ሥር ጥቂት ቆማ ጠበቀች። እንደማይመጣ ስታውቅ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ፀሐይ ስትበረታ ተራራው አጉረመረመ፤ ናዳውም ልትረግጠው የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ወረደ።

በረዶው ረግቶ እሱ ከደጇ ሲደርስ ‹ለምን ዞርክ?› አላለችውም። ትከሻውን ይዛ አለቀሰች እንጂ።»

መሪጌታ ወደ ትርንጎ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ያ በረዶ ያልታረቀ ደም ነው። ትናንት እኔም ገበያ ነበርኩ፤ ስትሮጪ የሟች ወንድሞች ከኋላሽ ቆመው ነበር። አንቺ አላየሻቸውም፤ እሱ አይቷቸዋል። አቅፎሽ ቢሆን ጥይቱ አንቺንም ባልማረሽ። ሽማግሌዎች ደሙን እያደረቁ ነውና ታገሺ። ያየሽው ጀርባ አንቺን እጅግ የናፈቀ ሰው ጀርባ ነው።»