ትልቁ ሞተርና ትንሹ ራዲያተር

አንድ ሰው ነበረ፣ አሮጌ የመስክ መኪና ያለው። ይህን የምነግርሽ፣ እማዋይሽ፣ «ሁለተኛው ባሌ ነጋ ጠባ ይቆጣል፤ ክፉ ሰው ይሆን? ላሰናብተው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሰውየው በዚያች መኪና ከቆላ ወደ ገበያ ሰው ያመላልስ ነበር። ልጆቹ የሚበሉት ከእሷ ነው። አንድ ቀን ሞተሯ አለቀና ቆመች። ያለውን አሟጦ፣ ከሌላ መኪና የወረደ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር ገዛና ጋራዥ አስገባት።

ልቡ ግን አላረፈም። ጋራዥ ማለት ደህናው ዕቃ ተፈትቶ ያረጀው የሚታሰርበት ነው ሲሉ ሰምቷል። ውሸትም አይደለም፤ እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ በየዕቃው ላይ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገ። የሚፈታውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ እየከተተ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሽንቱ ሲመጣ እንኳ ሚስቱን በቦታው አስቀምጦ ነበር የሚሄድ።

መካኒኩ ሥራውን ቀጠለ። ሞተሩን ካሰረ በኋላ፣ ውሃ ይዞ ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም። ለትንሹ ሞተር የተሠራ ነው፤ ይህን አያቀዘቅዝልዎትም። ሰፋ ያለ እንግጠም» አለ።

ሰውየው ከጆንያው ላይ ብድግ አለ።

«መጣህ! ይቺን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ኦሪጅናል መሆኑን አይተህ ነዋ!»

«ይውሰዱታ! ቤትዎ ወስደው ትራስ ያድርጉት፤ እኔ ምን ይሠራልኛል?»

«ትራሴን እኔ አውቃለሁ። አንተ እሰር!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና ያንኑ ትንሹን አሰረለት።

በገበያ ቀን መኪናዋ ሰው ሞልታ ዳገቱን ጀመረች። ውሃው መፍላት ጀመረ። ሰውየው ግን «የተበላሸ ሞተር ሸጠውልኛል፣ ሌቦች!» እያለ ነዳጁን ረገጠው። ከዳገቱ መሐል ሞተሩ ነከሰ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እሱ ጆንያውን አውርዶ መንገድ ዳር ዘረገፈና ዕቃውን በየምልክቱ አየ። አንዲት ቡሎን አልጎደለችም። ራዲያተሩም የራሱ ነው። የልጆቹ እንጀራ ግን ዳገት ላይ ቀረ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሟቹ ባልሽ ዝምተኛ ነበር፤ ቤትሽም በእሱ ልክ የተሠራ ነው። ይሄኛው ብርቱ ነው፤ ሥራ ይወዳል፣ ድምፁም ትልቅ ነው። አስገባሽው፤ ግን ምንም አላሰፋሽለትም። የጎተራው ቁልፍ ከአንገትሽ አልወረደም። እሱ ያረሰውን መሬት ነገር የምትማከሪው ከወንድምሽ ጋር ነው። ከልጆችሽ ጋር ሲስቅ ምን አላቸው ብለሽ ታዳምጫለሽ። ሲቆጣ ደግሞ «አላልኩም?» ትያለሽ።

ደግ ሰው ነው አልልሽም። አብሬው አልኖርኩም። ሌባም ሊሆን ይችላል። ግን መፍላቱን ብቻ አይተሽ አትፍረጂበት፤ ያ ሰውየም እንዲሁ ነው ያደረገው። መጀመሪያ የሚበርድበትን ስጪው። ከዚያ በኋላም ከፈላ ንገሪኝ፤ እኔው ራሴ መጥቼ አሰናብትልሻለሁ።