የንጉሥ ዘጭ በርጩማዎች

ተረት ተረት!

«የመሠረት።»

እንዴ! ይሄ ምን ዓይነት «የመሠረት» ነው? ምሳችሁን አልበላችሁም እንዴ? እንደገና! ጣሪያው እስኪነሳ! ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

አሁን ገና ልጆች መጡ። እግራችሁን ሰብስቡ። አንተ ጥግ ያለኸውም የእህትህን ጸጉር ልቀቅና ስማ።

በድሮ ጊዜ፣ ድመት አይጥን «እንደምን አደርሽ» ትል በነበረበት ጊዜ፣ ሰባት ምንጭ በምትባል ከተማ ይርገዱ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቋል። አፏ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። እሷም ማንያዘዋል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። በጣም ትወደዋለች። ትከሻው ላይ ተሸክሟት እየሮጠ፣ እሷም «ሂድ በለው!» እያለች ነው ያደገችው።

ከከተማው ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ንጉሥ ዘጭ የሚባል ግዙፍ ይኖር ነበር። ለምን ዘጭ ተባለ? ሥራው መቀመጥ ብቻ ስለሆነ ነዋ! ጠዋት ዘጭ፣ ቀን ዘጭ፣ ማታ ዘጭ። ሲቀመጥ ራሱ ጣሪያ ይነካል። ካባው ከትከሻው ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ ወለሉን ሁሉ ይሸፍነዋል። ቆሞ ያየው ሰው ግን የለም።

ይሄ ንጉሥ አንድ ቀን ለከተማው ስጦታ ላከ። በየቤቱ አንድ አንድ መስታወት! ሰዉ ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ንጉሥ ነው!» እያለ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ተንኮሉን ማን አውቆ! በዚያ መስታወት የራስ ፊት አይታይም። የሚታየው የሰው ልጅ ነው፤ ያውም ሲያምርበት ብቻ። የጎረቤት ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ። የአክስት ልጅ ተሹሞ። የማይታወቅ ልጅ በቅሎ ላይ ጉብ ብሎ። የሰው ልጅ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ፣ ንፍጡ ሲወርድ ግን መስታወቱ ወይ ፍንክች!

ከዚያ ወዲያ ወጣቶቹ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ተተከሉ። ወላጆችም አንድ ነገር ያዙ። «የሰው ልጅ አታይም? የሰው ልጅ የት ደረሰ! አንተ እስካሁን…» ቁርስ ሲቀርብ «የሰው ልጅ።» ምሳ ሲቀርብ «የሰው ልጅ።» እራት ላይ ሽሮው ሳይቀር «የሰው ልጅ፣ የሰው ልጅ» እያለ የሚንተከተክ መሰለ።

ማንያዘዋል ደግሞ ለአገረ ገዢው ጸሐፊነት ሁለቴ ተፈትኖ ሁለቴ ወድቋል። አንድ ጠዋት መስታወቱን አየ። የጎረቤታቸው ልጅ ልጅዓለም ወርቀ ዘቦ ካባ ደርቦ ይስቃል። ማንያዘዋል አንገቱን ደፋ። «በቃ፣ አውቄዋለሁ» አለ። «ከእኔ ምንም አይወጣም።»

ያችን ቃል እንዳለ፣ ጉድ ፈላ! እጁ ወደ ውስጥ ገባ። ራሱ ወደ ውስጥ ገባ። እግሩ ሦስት ሆነ። ማንያዘዋል ባለሦስት እግር በርጩማ ሆኖ ቁጭ!

ቁጭ ብሎም አልቀረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በበሩ ወጣ፤ ወደ ኮረብታው ሮጠ። ከጎረቤት ቤትም ሌላ በርጩማ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወጣ። ማን ነው? ልጅዓለም ነዋ! ያ ባለካባው! እሱም በራሱ መስታወት ማንያዘዋልን አይቶ በዚያው ጠዋት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሁለቱ በርጩማዎች መንገድ ላይ ቋ ብለው ተጋጩና ይቅርታ እንኳን ሳይባባሉ ሽቅብ ነጎዱ።

እናትየው «ልጄን! ልጄን!» እያሉ በሩ ላይ ወደቁ። አባትየው ደንግጠው የጠፋ ባርኔጣ ይፈልጋሉ፤ ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነው። ይርገዱ ግን ነጠላዋን አገልድማ በርጩማውን ተከትላ ሮጠች።

ኮረብታው ወገብ ላይ አንዲት ጅግራ መንገድ ዘግታ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አለች ጅግራ።

«ወንድሜ በርጩማ ሆኖብኝ።»

«ሆሆ! ያንቺ ደግሞ በርጩማ ነው? የአክስቴ ልጅ ወዳጅም በርጩማ ሆኗል። ንጉሥ ዘጭ እኮ የሚቀመጠው በእነሱ ላይ ነው። እላያቸው ላይ ዘጭ ብሎ ይውላል!»

«እንዴት ነው የማስለቅቀው?»

ጅግራ ግራና ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንቆቅልሽ ይወዳል። ለእንቆቅልሽ ሕግ ደግሞ ንጉሥም ይገዛል፤ መልሱን ካጣ አገር መስጠት አለበት። ግን እንዳትሞኚ! መልስ ያለውን እንቆቅልሽ ሁሉ ውጦ ጨርሷል። የእኔንም በልቶብኛል፤ ዓይኔን ግንባር ያርገው! ከአያቴ የወረስኩት ነበር።»

ይርገዱ ጅግራዋን በብብቷ ሸጎጠችና ኮረብታውን ወጥታ የንጉሡ አዳራሽ ገባች።

ንጉሥ ዘጭ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ከካባው ሥር የበርጩማ እግር በየቦታው ብቅ ብቅ ብሏል። ከሁሉም ፊት ያለው እግር ላይ የማንያዘዋል የጫማ ማሰሪያ እንደታሰረ ነው። ይርገዱ ማሰሪያውን አወቀችው። ወንድሜን ሳልይዝ ቤት አልገባም አለች በልቧ።

«እንደምን ዋሉ ንጉሥ ሆይ! እንቆቅልሽ ላቀርብልዎ መጣሁ።»

«ሃ ሃ ሃ!» አለ ንጉሡ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «ሦስት ጠይቂ! ሦስቱንም ከመለስኩ አንቺም በርጩማዬ ነሽ። ለግራ እግሬ ማሳረፊያ ትንሽ በርጩማ ጎድሎኝ ነበር።»

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ፀሐይ ስትወጣ አብሮኝ ይወጣል፤ ቤት ስገባ…»

«ጥላ!» አለ ንጉሡ። «ቀጥይ!»

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«አፍ የለው ይጮኻል፤ እግር የለው…»

«ወንዝ! ወንዝ! ኧረ ይሄን እኮ ጡት ሳልጥል ነው የዋጥኩት!»

ይርገዱ ላብ አጠመቃት። አንድ ብቻ ቀራት። የምታውቀውን እንቆቅልሽ ሁሉ አሰበች። እያንዳንዱ መልስ አለው። መልስ ያለው ሁሉ ደግሞ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ጅግራ በብብቷ ውስጥ «አለቀልን፣ አለቀልን፣ እኔስ መቼም በርጩማ ሆኜ አላምርም» እያለች ታለቃቅሳለች።

ይርገዱም ዓይኗን ጨፈነችና አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«አሁን ምን ላደርግ ነው?»

ንጉሡ አፉን ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ሆዱን ዳበሰ፤ የለም። «ምን?»

«አሁን፣ እዚሁ፣ ምን ላደርግ ነው? ሦስት ጊዜ ይሞክሩ።»

«ታለቅሻለሽ!»

ይርገዱ አላለቀሰችም።

«ትሮጫለሽ!»

ይርገዱ አልሮጠችም።

«እግሬ ላይ ወድቀሽ ትለምኚኛለሽ!»

ይርገዱ ምን አደረገች መሰላችሁ? በወለቀው ጥርሷ ክፍተት ፉጨቷን ለቀቀችው! ፉውውው! ጅግራዋን ከብብቷ አውጥታ እስክስታ ወረደች! ትከሻዋ እንዴት ይንቀጠቀጣል! ጅግራም መጀመሪያ «አሳፈርሽኝ» አለች፤ ቀጥሎ ግን አንገቷን እየሰበቀች ባሰባት! ላባዋ አዳራሹን ሞላው!

«አላወቁም! አላወቁም! አገር ይስጡኝ!»

ንጉሥ ዘጭ ቲማቲም መሰለ። ግን ሕግ ሕግ ነው። «እሺ፣ ግብፅን ሰጠሁሽ።»

«ሩቅ ነው፤ እናቴ አትፈቅድም።»

«ህንድን ሰጠሁሽ።»

«ዝሆን ይበዛል፤ ግቢያችን ጠባብ ነው።»

«ሮምን ውሰጂ!»

«ማንን ላናግርበት?»

«ታዲያ የትኛውን አገር ነው የምትፈልጊው?» ብሎ አገሳ።

ይርገዱ የጫማ ማሰሪያ ወደ ታሰረበት እግር ጠቆመች። «እነዚህን።»

«በርጩማ አገር ነው እንዴ?»

«ለእኔ አገሬ እነሱ ናቸው። እነሱ በርጩማ ሆነው ባዶ መሬት ቢሰጡኝ ምን ላደርገው ነው?»

ንጉሡ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄው ሰጠሁሽ! ከተነሱልሽ ውሰጃቸው! እኔ እኮ በርጩማ አላደረግኳቸውም፤ በገዛ አፋቸው ነው የሆኑት። አሁን መልሱን ንገሪኝ፤ ልዋጠው። እስክስታውን አስቀድመሽ ነበር ያሰብሽው፣ አይደል?»

«ኧረ እኔም አላውቀውም ነበር!» አለች ይርገዱ እያለከለከች። «እንዲሁ መጣልኝ!»

ከዚያ ከካባው ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። የታፈነ፣ የደከመ ድምፅ ነው።

«ይርገዱ፣ አንቺም አታውቂውም ነበር?»

«ማኔ! አላውቀውም ነበር!»

«ንጉሡም አያውቅም?»

«እሱማ ጭራሽ!»

«ታዲያ ነገ እኔ ምን እንደምሆን የሚያውቅ ማን ነው?»

«እንጃ!» አለች ይርገዱ።

በርጩማው ትንሽ አሰበ። «እንጃ» አለ። አንዱ እግር ጠፍቶ ሁለት የሰው እግር ሆነ። «እንጃ!» አለ። እጆቹ ብቅ አሉ። «እንጃአአአ!» ብሎ ጮኸ፤ የማንያዘዋል ራስ ከነጨብራራ ጸጉሩ ጧ ብሎ ወጣ!

አጠገቡ ያለው በርጩማ «እኔስ?» አለ።

«እንጃ!»

«እኛስ? እኛስ?»

«እንጃ! እንጃ! እንጃ!»

አቤት ጫጫታ! መቶ በርጩማ በአንዴ «እንጃ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሉ እናንተም በሉት! እንጃ! ጮክ በሉ! እንጃ! በቃ፣ በቃ፣ ጎረቤት ይቆጣል።

በርጩማው ሁሉ ሰው ሆኖ ሲነሳ ንጉሥ ዘጭ ወረደ፤ ወረደ፤ ወረደ። ካባውም ፉሽሽ ብሎ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ግዙፉ የት ገባ? ጅግራ ካባውን በመንቆሯ ገለጠችው። ከእሷ በአንድ ጣት ብቻ ከፍ የሚል ሰውዬ ዓይኑን እያርገበገበ ቆሟል! ለካስ ግዙፍ አልነበረም! ቁመቱ ሁሉ የእነሱ ነበር፤ እነሱን ቆልሎ ነው ላያቸው ላይ የተቀመጠው!

«ይሄ ነው የአያቴን እንቆቅልሽ የበላው?» አለች ጅግራ። ሰውዬው እግሬ አውጪኝ አለ። እሷም ከኋላው። እስከ ዛሬ ታባርረዋለች ይባላል።

ይርገዱ ወንድሟ ላይ ተጠመጠመች፤ ያን ያላለቀሰችውን አሁን አለቀሰች። ማንያዘዋልም አለቀሰ። ልጅዓለም ጀርባውን እያሸ መጣ።

«አንተ» አለው ማንያዘዋል፣ «ያን የመሰለ ካባ ደርበህ ምን ሆንኩ ብለህ ነው በርጩማ የሆንከው?»

«ካባው የአጎቴ ነው! ለሠርግ ተውሼው ነው! አንተስ በቅሎ ላይ ጉብ ብለህ አይቼህ አይደል በቅናት ያበድኩት?»

«ሦስት እርምጃ ሄዳ ጣለችኝ እኮ!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ያን ቀን መቶ ልጆች እየዘፈኑ ከኮረብታው ወረዱ። መስታወቱም ከዚያ ወዲያ የተመለከተውን ሰው ፊት ብቻ ያሳይ ጀመር። እናትየው ፊታቸውን አይተው «ውይ፣ ሊጥ ጉንጬ ላይ ይዤ ነው የዋልኩት!» አሉ።

ማንያዘዋል ሦስተኛውን ፈተና አለፈ ትሉኝ ይሆናል። አላለፈም! ወደቀ! በጣም ከፋው፤ ምሳም አልበላ። ግን በሁለት እግሩ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። መንገድ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሰዎች መሻገር አቅቷቸው ቆመው አገኘ። ልጅዓለምን ጠራና ግንድ አጋደሙ፣ ገመድ አሰሩ። ከዚያ ሌላ ወንዝ፣ ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ በዚያ አገር ድልድይ ሲባል የሚጠራው የማንያዘዋል ስም ሆነ። ድልድይ ሠሪ እሆናለሁ ብሎ አስቦ ያውቃል? በፍጹም! ማንም አላሰበውም።

እንግዲህ ልጆች፣ የዚህ ተረት ትምህርቱ ይሄ ነው። ነገ ምን እንደምትሆኑ አውቃለሁ የሚላችሁ ሰው ውሸቱን ነው፤ ያ ሰው እናንተው ራሳችሁ ብትሆኑም እንኳ። ልባችሁ የከበደ ቀን ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ለእህት፣ ለወንድም ንገሩ። ወዳጃችሁ አንገቱን የደፋ ቀን ደግሞ ሮጣችሁ ተከተሉት።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረሰ፤ ወሬው ለእናንተ ይሁን፣ ለእኔ አንድ ጣሳ ውኃ አድርሱ!