የሽባባው ደመና

ቸኩሎ ድግስ የሚደግስ ሰው ባዩ ቁጥር የእኛ አገር ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ከሜዳ የተገኘች እንዳትመስላችሁ፤ ያመጣብን አያ ሽባባው ነው።

አያ ሽባባው ከኮረብታው ጥግ ያባቱ መሬት ነበረችው። ጠጠር ፈላጊዎች ለዓመታት ሲቆፍሯት ኖረው፣ ገደል አስመስለዋት ሄዱ። ቀበሌው፣ «ከዳር የተከመረውን አፈር መልሰህ እስከ መስከረም ችግኝ ካጸደቅህባት ያንተው ናት፤ አለዚያ ለሌላ ጠጠር ቆፋሪ እንሰጣታለን» አለው። ሽባባው እንቅልፍ አጣ።

ግንቦት ላይ ከወንዙ ማዶ አንዲት ጥቁር ደመና ብቅ አለች።

«ያምሮት፣ ጠላ ጥመቂ፤ ለሳምንት ሐሙስ ደቦ እጠራለሁ» አላት ሚስቱን።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ደመናዋ የኛ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«አንቺ ጥመቂ፤ ሰማዩን ለኔ ተይው።»

ሐሙስ ደረሰ። ደመናዋ ጎረቤት ቀበሌ ሄዳ ዘንባለች መሰል፣ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሬቱ ዶማ አላስገባ አለ። ደቦው ምን ያድርግ? የደረሰ ጠላ ደግሞ ነገ ይኮመጥጣል። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠጡት፣ ሽባባውን መረቁትና እየዘፈኑ ወደየቤታቸው ገቡ።

ሰኔ ሲገባ ትንሽ አካፋ። ሽባባው የተማረ መሰላችሁ? የቀረችውን ገብስ አስጠመቀ። በደቦው ዕለት ሰማዩ ተዘረገፈ፤ ጉድጓዱ ኩሬ ሆኖ የገባበትን ሰው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ሰዎቹም ሽባባው ቤት ገብተው እሳት እየሞቁ ሁለተኛውን ጋን ገለበጡት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ረገብ፣ አፈሩ ለስለስ አለ። የተከላ ቀን ማለት ይኸው ነው። ሽባባው ግን ጋኑን ቢያይ ባዶ፣ ጎተራውን ቢያይ ባዶ። ያለ ጠላ ደቦ መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደጁ ላይ ተቀምጦ ችግኞቹን እያየ ዕንባው መጣ።

ይኼኔ ያምሮት ነጠላዋን አጣፍታ የደቦው አባት አባ ልየው ደጅ ሄደች።

«አባባ፣ ሁለት ጊዜ ጠጥታችኋል። ሥራው የት አለ?»

አባ ልየው ጢማቸውን እያሻሹ ሳቁ። «እውነትሽን ነው ልጄ፣ የጠጣ እንዴት ይተኛል?» አሉና ደቦውን ራሳቸው ጠሩት። አገሩ ነቅሎ ወጣ። ጀምበር ሳትጠልቅ አፈሩ ተመልሶ፣ ችግኙ ተተክሎ አለቀ።

መስከረም ላይ የቀበሌው ሰው መጣ፤ የለመለመውን ዞሮ አየና «መሬቷ ያንተው ናት» ብሎ በአባ ልየውና በአገሩ ሰው ፊት ተናገረ። ሽባባውን ደስታ አሰከረው። ቀና ሲል ከወንዙ ማዶ አንዲት የክረምት ትራፊ ደመና አየ።

«ያምሮት፣ ገብስ ተበደሪና ጠላ ጥመቂ። ለሳምንት ሐሙስ ዳር ዳሩን የምንተክልበት ደቦ እጠራለሁ።»

ያምሮት ራሷን ያዘች። አባ ልየው ግን ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና፣ «ተው ሽባባው፣ ሰማይ ሳይጠምቅ ጠላ አታስጠምቅ» አሉት።