ለእማማ ይርገዱ ክፍል የገባው መስመር

አንድ ነጋዴ አዲስ ቤት ይሠራ ነበር። ስሙ ተካልኝ ይባላል። ግድግዳው ቆሞ ልስን ሊጀመር ሲል የዲሽ ባለሙያውን አንዋርን ጠራና ገመዱ በየት በየት እንደሚያልፍ ይመካከሩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ከተለሰነ በኋላ ግድግዳ መሰርሰር ይመጣል» አለው አንዋር። «ለየትኛው ክፍል መስመር እንደሚገባ አሁኑኑ ይወስኑ።»

«አንድ ለሳሎን፣ አንድ ለእኛ መኝታ ቤት፣ አንድ ደግሞ ለእናቴ ክፍል» አለ ተካልኝ።

እናቱ እማማ ይርገዱ በዚያ ቀን ቤቱን ሊያዩ መጥተው ነበር። «ለእኔ ይቅር ልጄ» አሉት። «እኔ ሳሎን ከእናንተ ጋር አያለሁ።»

ተካልኝ ሳቀ። በአገራችን የተሰጠውን ወዲያው እሺ ብሎ የሚቀበል ማን አለ? ምግብ ሲቀርብ «አሁን በላሁ»፣ ወንበር ሲለቀቅ «ግድ የለም» ማለት የጨዋ ደንብ ነው። እናቱ ሁለተኛም ሦስተኛም «ተወው» ሲሉት ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብሎ ጭራሽ ጸና።

«ላንቺማ አይሰሰትም እማዬ! እንደ ልብሽ ታያለሽ» አላቸው።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ሐሳብ ነበረው። በኪራይ ቤታቸው ዜና በተከፈተ ቁጥር እናቱ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ምን አደረገ ነው የሚሉት?» እያሉ ሲጠይቁት ይሰለቸው ነበር።

ቤቱ አለቀ። እማማ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። የመጣ እንግዳ ሁሉ «እናትን መጦር እንዲህ ነው!» እያለ መረቀው። ተካልኝ ማታ ከሥራ ሲገባ በኮሪደሩ እያለፈ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ ሳሎን ገብቶ ኳሱን ይከፍታል። በሩን ገፋ አድርጎ የገባባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት እማማ ይርገዱ ታመው ሆስፒታል ገቡና ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ተካልኝ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ቢለው ክፍላቸው ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። «ሲግናል የለም» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አልመጣም። ገመዱ የተቆረጠ መስሎት አንዋርን አስጠራው።

አንዋር መጥቶ ቴሌቪዥኑን አየና አንገቱን ደፋ።

«ገመዱ ደህና ነው ጋሼ። የዛሬ ስምንት ወር ዲሹን ወደ ሌላ ሳተላይት አዙሬ የሳሎኑን ሪሲቨር አላስተካከልኩም? ያኔ የእማማንም ላስተካክል ገብቼ ነበር። እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

«‹ብነግረው አንተን ይልክልኛል፤ ዝም ካልኩ ግን አንድ ቀን ራሱ ገብቶ ያየዋል› አሉኝ። እንዳልነግርዎትም አስማሉኝ።»

ተካልኝ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ እስኪታመሙ ድረስ ለወራት በዚያ በር አጠገብ አልፏል። አንዋር «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ላስተካክለው?» አለ።

«ለማን?» አለው ተካልኝ።

ወዳጆቼ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ተካልኝ ክፉ ልጅ አለመሆኑ ነው። ለእናቱ ምንም አልነፈገም። የሰጣቸው ግን እሳቸው የጠየቁትን አይደለም። እሳቸው ያሉት «ከእናንተ ጋር» ነበር፤ እሱ የሰማው «ለእኔ ይቅር» የሚለውን ብቻ ነው። እኛም ለወላጆቻችን የምንገዛላቸው ብዙው ነገር እኛን የሚተካ ነው፤ ገዝተን ስናበቃ የጦርናቸው ይመስለናል። እነሱ ደግሞ ላለማስቸገር ሲሉ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውንም ደስታ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ለመሆኑ እናታችሁ ክፍል፣ አባታችሁ ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ዛሬ ይሠራል? በስልክ ጠይቃችሁ አትመልሱልኝ፤ ገብታችሁ እዩት።