የጠበበው ፊት

አንድ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ስሙ ወንድይራድ ይባላል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሠርግ እያነሳ፣ በዲስክ እያተመ ለየቤቱ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር። ሙሽሮች ቀን ከመቁረጣቸው በፊት «ወንድይራድ ያን ቀን ይመቸዋል ወይ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ወጣት ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ የራሷን ቪዲዮ ቤት ከፈተች። ካሜራዋ አዲስ ነው፤ የሙሽራዋን የቀሚስ ጥልፍ ክር በክር ያሳያል። ሥራዋን በፍላሽ ትሰጣለች፤ ወጣቶቹ በስልካቸው እየተቀባበሉ ያዩታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደጋሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ወንድይራድ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ወደ እሷ ቤት የሚገባውን ሰው ሲያይ ይውላል። ሳቋን በሰማ ቁጥር በእሱ የምትስቅ ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ ጋሽ ወንድይራድ» ስትለው ቀና ብሎ ሳያያት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምሳው አልበላ አለው። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ያልፋታል።

በዚያች ከተማ ድሬሰር ደምሰው የሚባሉ ጡረተኛ የጤና ሠራተኛ ነበሩ። በእሳቸው እጅ መርፌ ያልተወጋ፣ ቁስሉ ያልታጠበ ሰው አይገኝም። የመጨረሻ ልጃቸውን ሲድሩ ሠርጉን ያነሳችው ትርንጎ ነበረች። ሽማግሌው ቆመው ልጃቸውን መረቁ፤ ባለቤታቸውንም ሰው ፊት አመሰገኑ። ከዚያ ሦስት ወር እንኳ አልቆዩም፤ አረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ ለአርባቸው ዘመድ ሲሰበሰብ ያንን ምርቃት አብረው ሊያዩ ተመኙ። ቤታቸው ያለው ግን አሮጌ የዲስክ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ ፍላሽ አይቀበልም። ትርንጎ ዲስክ ላይ ልትጭንላቸው ሦስት ቀን ታገለች። የዲስክ መሥሪያው ፕሮግራም የድሮ፣ የካሜራዋ ፋይል ደግሞ የአሁን ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን መክፈት አቃተው። ቢጨንቃት አስፋልቱን ተሻገረች።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ተቸግሬ ነው የመጣሁት» አለችው ፍላሹን በሁለት እጇ ይዛ። «የድሬሰር ደምሰው ምርቃት ነው። ዲስኩ አልቀበል አለኝ። አርባቸው ደግሞ እሑድ ነው።»

ወንድይራድ ገና እንዳየው ገባው። ፋይሉ መጀመሪያ ዲስክ ወደሚቀበለው ዓይነት መለወጥ አለበት፤ የምስሉ መጠን ይቀነሳል፣ ወርድና ቁመቱ እንደተመጣጠነ ይጠበቃል፣ ድምፁም ከምስሉ ጋር ይገጠማል። ብዙ ጊዜ ሠርቶታል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«ተይልኝና ሂጂ» አላት።

ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ልቡ ሌላ ነገር አለው። «አሳምሬ ብሰጣት የሚመሰገነው ማን ነው? እሷ!» ሰፊውን ምስል ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዲጨመቅ አደረገው። ድምፁንም ከከንፈሩ ኋላ አስቀረው። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው የተጫነው፤ በቃ።

በማግስቱ ዲስኩን ሰጣት። «የካሜራሽ ፋይል ዲስክ ላይ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከዚህ በላይ አይሆንለትም።»

ትርንጎ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። ሆኖም አልተጠራጠረችም፤ የሙያው አንጋፋ ነውና አመነችው። አመስግናው ሄደች።

እሑድ ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ወንድይራድም ተጠርቷል። ዲስኩ ገባ። ድሬሰር ደምሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ወጡ፤ ፊታቸው እንደ ዱላ ቀጥኖ ረዝሟል። አፋቸው ይከፈታል፤ ቃሉ ግን ከተዘጋ በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ሕፃን ሳቀ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ትንሽ ታገሡና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አጥፉልኝ» አሉ። «ይሄ ደምሰው አይደለም። ፊቱን ምን አደረጋችሁት?»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት «ያቺ ልጅ ናት ያበላሸችው! ወንድይራድ አንስቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» አለ።

ወንድይራድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሰማት የናፈቃት ንግግር ይቺው ነበረች። አሁን ሰማት። ግን አንገቱን ደፋ።

ትርንጎ ተነስታ ወይዘሮዋ እግር ሥር ወደቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጋሽ ወንድይራድስ የሚችሉትን ሁሉ ረድተውኛል።»

እሱም ከሰው ጋር ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ከትርንጎ ጋር ቀጠሮ የያዙ ሁለት ደጋሾች ሐሳባቸውን ቀይረው ወደ እሱ መጡ። የተመኘው ሁሉ ተሟላለት። ምሳው ግን አሁንም አልበላ አለው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ዋናውን ፋይል ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ሲቸኩል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላየውም ነበር። ሽማግሌው «ይህን ቤት ያቆመችው እሷ ናት» ሲሉ ትርንጎ ካሜራዋን ከእሳቸው ላይ አንስታ፣ የባለቤታቸው እጅ የእሳቸውን ጋቢ ጫፍ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ አሳይታለች። ወንድይራድ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ቅናቱ እንደ እሳት ለበለበው፤ ቀጥሎ ደግሞ አፈረ። እዚያው ቁጭ ብሎ ፋይሉን እንደሚገባ ለውጦ አዲስ ዲስክ ሠራና ወደ ወይዘሮ አቻምየለሽ ቤት ሄደ።

ወይዘሮዋ ዲስኩን ከፍተው አዩት። ባላቸው እንደነበሩ ሆነው ተናገሩ። እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው አለቀሱና ወደ ወንድይራድ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? እሷ ያጠፋችውን አንተ አዳንክልኝ።»

ምርቃቱን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። ሊነሳም ዳድቶት ነበር።

«እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። እሷ ያነሳችው ይሄን ነው። ቀንቼባት ነው ያጠፋሁት።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ዞሩበት። «ይህን ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ አትገላገልም» አሉት። «ልጅቱ የተዋረደችው ሰው ፊት ነው። ሄደህ ሰው ፊት ተናገር።»

በሚቀጥለው እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ወንድይራድ እጁን አወጣ። አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ያጉረመረመበት ነበር፤ ሥራ ሰጥተውት የነበሩትም ወደ ትርንጎ ተመለሱ። ትርንጎ ግን ተነስታ ወጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰላምታዋ ቀረ። እሱ «እንዴት አደርሽ» ይላታል፤ እሷ በሯን ትከፍታለች።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ትርንጎ አስፋልቱን ተሻግራ በሩ ላይ ቆመች።

«ሌላ ሰውም ዲስክ ጠየቀኝ» አለች። «እንዲሠሩልኝ አልመጣሁም። እንዴት እንደሚለወጥ ያሳዩኝ።»

ወንድይራድ ከወንበሩ ተነሳና «እዚህ ተቀመጪ» አላት። ራሱ ቆሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሳያት።

ወዳጆቼ፣ ወንድይራድ ሊጎዳ ያሰበው አንዲት ተፎካካሪውን ብቻ ነበር፤ ያስለቀሰው ግን ምንም ያልበደሉትን ሐዘንተኛ ነው። ቅናት ዒላማውን አይመርጥም፤ መንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ይመታል። ሰው ፊት የተሠራ በደልም ጓዳ ውስጥ በተባለ ይቅርታ አይሽርም። እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ የምንቀናበት ሰው ሥራ በእጃችን ሲገባ፣ ለሌሎች የምናሳየው እንዳለ ነው ወይስ እኛ በልጠን እንድንታይ አሳንሰን?