የእትዬ ዘሃራ ወፍጮና የሱቁ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ጋሽ ይመር የሚባሉ ስመ ጥር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት ሲያቅታቸው አብረዋቸው የሚሠሩትን ትርንጎን፣ እንድሪስንና አስፋውን ሰበሰቡ።

«የሽቦ ዝርጋታ ደንቡን ፈተና አልፎ ፈቃድ ላመጣልኝ ሱቄን ከነመሣሪያው አስረክባለሁ» አሉ።

«ሦስታችንም ብናልፍስ?» አለች ትርንጎ።

«ዕጣ ትጥላላችሁ። ሽርክና የሚባል ግን እንዳታነሱብኝ። በሽርክና የከፈትኩት ሱቅ ወንድሜን አሳጥቶኛል።»

ትርንጎ ሱቁን ከማንም በላይ ትፈልገዋለች። መሰላል ላይ ባዩዋት ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ባል አጥተሽ ነው?» እያሉ የሚቀልዱባት ሰዎች፣ በሩ ላይ ስሟን እንዲያነቡ ትመኛለች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

የደንቡ መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለነበር ጥራዙን ፈትተው ለሦስት ተካፈሉት፤ እያንዳንዱ ድርሻውን አጥንቶ ለሌሎቹ ሊያስረዳ። አስፋው አንዴ የሰማው ነገር ከጭንቅላቱ አይወጣም። እንድሪስ እጁም እግሩም ፈጣን ነው፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ግን ያመዋል። ትርንጎ ያልገባትን ሳይገባት አታልፍም፤ የምታውቀው የመሰላትን ደግሞ ገልጣም አታየው። ለእሷ የደረሳት ስለ መሬት ሽቦ የሚናገረው ክፍል ነበር፤ ማሽን ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን ሰው ሳይነካ ወደ መሬት ስለሚያወርደው ሽቦ። ይህንንማ ጋሽ ይመር ራሳቸው አስተምረዋታል፤ «ከውሃ ቧንቧው ጋር እሰሪው፣ አለቀ» ብለው። ስለዚህ ገጾቹን እንዳሉ አስቀምጣ የሌሎቹን ድርሻ ስታጠና ከረመች።

የፈተናው ቀን ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደሴ ተሳፈሩ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ትርንጎ ያላነበበቻቸውን ገጾች ያኔ አውጥታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። የሐረጎን ዳገት ሲያጋምሱ ድንገት ንባቧን አቋረጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለ እንድሪስ።

«የውሃ ቧንቧ ብቻውን አይታመንም ይላል። ቧንቧው በፕላስቲክ ከተቀየረ የመሬት ሽቦው የትም አይደርስም።»

ሦስቱም ተያዩ። የእትዬ ዘሃራን የእህል ወፍጮ ሽቦ የዘረጉት እነሱ ናቸው፤ የመሬት ሽቦውን ከቧንቧው ጋር ያሰረችው ደግሞ ትርንጎ ናት። የዚያ ሰፈር ቧንቧ ሰሞኑን በፕላስቲክ ተቀይሯል። ሞተሩ ቢበላሽ፣ ብረቱን የነካ ሰው ይሞታል። ቀኑም የገበያ ቀን ነው።

እትዬ ዘሃራ ጋ ደወሉ፤ ወፍጮ እየጮኸ ስልክ አይሰማምና የሚያነሳ ጠፋ። ጋሽ ይመር ጋ ደወሉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ላይ ሳስር ማንን ገደልኩ? ይልቅ አርፋችሁ ተፈተኑ!» ብለው ዘጉባቸው።

እንድሪስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ፈተናው በዓመት አንዴ መሆኑን አላጣውም። ቁልቁል በሚወርድ አይሱዙ ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ገባ፤ ማንንም ሳያስፈቅድ የወፍጮውን ማብሪያ አጠፋና በጀርባው ሸፍኖት ቆመ። እህሉን ይዞ የተሰለፈው ገበያተኛ ጮኸበት። ሊያስረዳ ሞከረ፤ በእጁ ግን ፈቃድም መለኪያም የለ፣ ማን ይመነው? አንዱ ዱላ አነሳ።

ደሴ ሲደርሱ አስፋው ወደ ፈተናው አዳራሽ ገባ። በሩ ላይ ትርንጎን፣ «ሦስታችንም ከቀረን ያንን ወፍጮ ማን ፈርሞ ያስነሳዋል? አንዳችን መግባት አለብን» አላት። እውነቱን ነበር፤ ሲናገር ግን ዓይኗን አላየም። ስለ ውሃ ቧንቧው ጥያቄ መጣለት። ትርንጎ ስታነብ የሰማውን ቃል በቃል ጻፈው፤ አለፈም።

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ እትዬ ዘሃራ ጋ ደወለች፤ ደጋግማ ደወለች። ፈታኙ «ልጄ፣ ልዘጋው ነው» አሏት። ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም። «ይዝጉት ጋሼ» አለች፤ እንባዋ መጣ። በሩ ተዘጋ። እሷ መደወሏን አላቆመችም። በኋላ፣ እንድሪስ ወፍጮውን ዝም ሲያሰኘው፣ ጥሪዋ ተሰማ። እትዬ ዘሃራ አደጋውን ከሚያምኗት ከትርንጎ ሲሰሙ፣ «ተዉት ልጁን! የመጣው ለነፍሳችን ነው!» ብለው ከዱላው አስጣሉት።

ወፍጮው እንደተዘጋ ቆየ። አስፋው ፈቃዱን ይዞ መጥቶ ሲለካው የአንዱ ሽቦ ልባስ አልቆ ብረቱን ሊነካ የፀጉር ያህል ቀርቶታል። ሽቦውን ቀየረ፤ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ የመሬት ሽቦውን ከእሱ ጋር አሰረ፤ ፈረመ። ወፍጮው ተነሳ።

ጋሽ ይመር የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ቃልዎ ላለፈ ነው» አለ አስፋው። «ያለ እኔ ፊርማ ወፍጮው ዛሬም አይነሳም።»

«እኔ ባልወርድ ወፍጮ ሳይሆን የምናነሳው ሬሳ ነበር» አለ እንድሪስ።

«እኔ ባላነብ አንተም አትወርድ፣ እሱም አያልፍ» አለች ትርንጎ። ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያሰርኩትም እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ያላነበብኩትም እኔ ነኝ» አለች።

«ቧንቧ ላይ ማሰሩን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?» አሉ ጋሽ ይመር። ከዚያም እትዬ ዘሃራን አስጠርተው እንዲፈርዱ ጠየቋቸው።

«እኔ ለውለታቸው ለሦስቱም ዱቄት ሰጥቻለሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ቁልፉ የእርስዎ ነው።»

ቀጣዩ ፈተና የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ የሽማግሌው ዓይን ያን ያህል አይጠብቅም። ትርንጎ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆማለች፤ ካወጣችው ወደ ቁልፉ እንደሚሄድ ታውቃለች።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ ጋሽ ይመር ቁልፉን ለማን ይስጡ? ላነበበችው፣ ለወረደው ወይስ ላለፈው?